የኤሮስፔስ ተማሪ የትኛው ፕሮጀክት ይሻለዋል? አውሮፕላን፣ ሮኬት፣ ካንሳት ወይስ ኪዩብሳት

ኤሮስፔስ ኢንጂነሪንግ የሚማር ሰው አንደኛ ወይም ሁለተኛ ዓመት ላይ ይህ ጥያቄ አይቀርለትም። የትኛው ቡድን ልግባ? ሮኬት የሚሰሩ አሉ። ሳተላይት እንሰራለን የሚሉ አሉ። ትንሽ አውሮፕላን ሰርተው ውድድር የሚሄዱም አሉ። ሁሉም ፖስተር ለጥፈዋል፣ ሁሉም "ልምድ ታገኛላችሁ" ይላሉ። የትኛው በትክክል ምን እንደሚያስተምር ግን ቁጭ ብሎ የሚነግራችሁ ሰው የለም።

ዲፓርትመንቶችም ከዚህ ጥያቄ አያመልጡም። በጀቱ ትንሽ ነው፣ ለማማከር ጊዜ ያለው መምህር አንድ ወይም ሁለት ነው፣ ሁሉንም ዓይነት ፕሮጀክት በአንዴ መደገፍ ደግሞ አይቻልም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለሁለቱም ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

## መጀመሪያ መለኪያው

ተማሪ እየሰራ ሲማር ይሻለዋል የሚለው ብዙ የሚያከራክር አይደለም። 2014 ላይ የወጣ፣ 225 ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ትንታኔ አለ። በሳይንስ፣ በኢንጂነሪንግና በሒሳብ ኮርሶች ሌክቸር ብቻ የሚያዳምጡ ተማሪዎች፣ ክፍል ውስጥ እየተሳተፉ ከሚማሩት ይልቅ የመውደቅ ዕድላቸው 1.5 ጊዜ ያህል ይበልጣል ይላል። ግን ልብ በሉ፣ ያ ጥናት ስለ ሮኬት ቡድን አይደለም። ክፍል ውስጥ መወያየትና ጥያቄ መስራትም እዚያው ውስጥ ተቆጥሯል። "ፕሮጀክት ግቡ፣ ግሬዳችሁ ያድጋል" ማለት አይደለም። እንዲያውም ለፕሮጀክቱ ሌሊቱን ሙሉ ላብራቶሪ ውስጥ አድሮ የቴርሞዳይናሚክስ ፈተና ላይ የሚወድቅ ተማሪ በየዩኒቨርሲቲው ሞልቷል።

በ2000 አካባቢ ኤምአይቲ ከሦስት የስዊድን ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከኬቲኤች፣ ከቻልመርስና ከሊንሾፒንግ ጋር ሆኖ ሲዲአይኦ የሚባል የኢንጂነሪንግ ትምህርት አካሄድ ጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ተማሪው ነገሩን ያስባል፣ ይነድፋል፣ ይሰራል፣ ከዚያ አገልግሎት ላይ ያውለዋል። አራቱንም። ብዙ ኮርስ ሁለተኛው ላይ ይቆማል።

እኔ አምስተኛ እጨምራለሁ፦ ሲበላሽ እንደገና መስራት። ትልቁ ትምህርት ያለው ሁለተኛው ስሪት ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ የተሰራው ነገር የማታውቁትን ይነግራችኋል፣ ሁለተኛው ደግሞ ያወቃችሁትን ይፈትናል። ስለዚህ ከሁሉም በፊት የምጠይቀው ይህን ነው፦ እናንተ ሳትመረቁ ሁለተኛው ስሪት ይደርሳል ወይ?

ከዚያ ቀጥሎ ያሉት መለኪያዎች፦

- አዲስ ገቢ ምን ይሰራል? ዲዛይን ይነካል ወይስ ስፖንሰር ደብዳቤ ሲጽፍና ፎቶ ሲያነሳ ዓመቱ ያልቃል?
- ሲሰበር ምን ይከተላል? በሳምንት የሚጠገን ነው ወይስ የሁለት ዓመት ልፋት ገደል የሚገባበት?
- ፈቃድና ደህንነቱስ? ፈንጂነት ያለው ነዳጅ፣ የአየር ክልል ፈቃድ፣ የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ።
- ከምትማሩት ኮርስ ጋር የሚገናኘው የት ላይ ነው?

ምን ያህል ያምራል፣ ሲቪ ላይ ምን ይመስላል የሚለውን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ቀጣሪ "ሳተላይት ሰርቻለሁ" ሲባል ወዲያው የሚጠይቀው "አንተ ራስህ የቱን ክፍል ሰራህ?" ብሎ ነው።

## የወረቀት ዲዛይን

የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች በቡድን ሆነው አንድ አውሮፕላን ወይም አንድ የጠፈር ተልዕኮ ከዜሮ ተነስተው ይነድፋሉ። አይሰሩትም። ሪፖርትና ፕሬዘንቴሽን ነው የሚያቀርቡት። የታወቀው ምሳሌ የኔዘርላንዱ የደልፍት ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያ የባችለር ተማሪዎች መጨረሻ ላይ አስር አስር ሆነው ለ10 ሳምንት ሙሉ ጊዜያቸውን አንድ ዲዛይን ላይ ያውላሉ።

ብዙ ተማሪ ይንቀዋል፣ ያለ አግባብ። አንዱ ክንፉን ሲያሳድግ የሌላው ክብደት እንደሚጨምር፣ ክብደት ሲጨምር ሞተሩ እንደሚያድግ፣ ሞተሩ ሲያድግ ነዳጁ፣ ነዳጁ ሲጨምር እንደገና ክንፉ፣ ይህን መፈናከት ጠረጴዛ ላይ እንደ ወረቀት ዲዛይን አድርጎ የሚያሳይ ነገር የለም። ወጪው ደግሞ ምንም ነው። ለአውሮፕላን ቅርጽ ናሳ የሰራው ኦፕንቪኤስፒ የተባለ ሶፍትዌር፣ ለክንፍ ትንተና ኤክስኤፍኤልአር5፣ ለምህዋር ስሌት ጂማት፣ ሁሉም በነጻ ይገኛሉ።

ድክመቱ ግልጽ ነው። ወረቀት ላይ ያለ አውሮፕላን አይወድቅም። ስህተታችሁን የሚነግራችሁ መምህሩ ብቻ ነው፣ እሱም ካነበበው።

## በሬዲዮ የሚበር አውሮፕላን

የእኔ ምርጫ ይህ ነው፣ ቀድሜ ልናገረው።

የአሜሪካ የኤሮኖቲክስና አስትሮኖቲክስ ተቋም ከ1996/97 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ዲዛይን፣ ቢልድ፣ ፍላይ የሚባል ውድድር ያካሂዳል። አውሮፕላኖቹ በኤሌክትሪክ የሚሰሩ ናቸው፣ ተልዕኮው ደግሞ በየዓመቱ ይቀየራል፣ ስለዚህ የአምናውን አውሮፕላን ቀለም ቀብቶ መሄድ አይሰራም። አንድ የምወደው ነገር አለው፦ የሪፖርቱ ነጥብ በበረራው ነጥብ ይባዛል። አይደመርም፣ ይባዛል። እንደ ንስር የሚበር አውሮፕላን ሰርቶ ዝርክርክ ሪፖርት ያቀረበ ቡድን አለቀለት። ኤስኤኢ የተባለው የኢንጂነሮች ማኅበር ከ1986 ጀምሮ የሚያካሂደው ኤሮ ዲዛይን ውድድር ደግሞ ጭነት ማንሳት ላይ የሚያተኩሩ ምድቦች አሉት። የግድ መወዳደር አያስፈልግም፤ የእነዚህን ውድድሮች ደንብ አውርዶ ግቢ ውስጥ ለራስ መጠቀምም ይቻላል።

ለምን ይህን አስቀደምኩ? ትምህርቱ ከመጽሐፉ ጋር ፊት ለፊት የሚጋጭበት ቦታ ስላለ። ምሳሌ ልስጣችሁ። የክንፍ ቅርጽ ስትመርጡ መጽሐፍ ላይ የምታገኟቸው የታወቁት የናካ (ከናሳ በፊት የነበረው ተቋም) መረጃዎች በአብዛኛው በ3፣ በ6 እና በ9 ሚሊዮን ሬይኖልድስ ቁጥር የተለኩ ናቸው። ሬይኖልድስ ቁጥር ማለት ከፍጥነትና ከክንፉ መጠን ጋር የሚያድግ፣ አየሩ እንዴት እንደሚፈስ የሚነግር ቁጥር ነው። የእናንተ ትንሽ አውሮፕላን ግን የሚበረው በጥቂት መቶ ሺህ ነው። እዚያ ላይ አየሩ በሌላ መንገድ ነው የሚፈሰው፤ ክንፉ ላይ ሳይናወጥ የሚፈሰው አየር ቶሎ ይላቀቃል፣ የማንሳት ኃይሉ ይቀንሳል፣ ጎታች ኃይሉ ይጨምራል። በመጽሐፉ ስሌት መነሳት የነበረበት አውሮፕላን ሜዳው አልቆ መሬት ላይ ይሮጣል። ሬይኖልድስ ቁጥርን ፈተና ላይ ደፍኖ ያለፈ ተማሪ ትርጉሙ የሚገባው ያን ቀን ነው።

የስበት ማዕከልም እንዲሁ። ባትሪውን ትንሽ ወደ ኋላ ስትገፉት አውሮፕላኑ ለመብረር አስቸጋሪ ይሆናል፣ ከዚያም ካለፈ ጨርሶ አይያዝም። ክፍል ውስጥ ይህ አንድ እኩልታ ነው። ሜዳ ላይ ግን አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ፣ ተገልብጦ፣ አፈር ይበላል።

ጥሩው ነገር ታዲያ፣ ጥገናው ቀላል መሆኑ ነው። ፎም፣ ባልሳ እንጨት፣ ሙጫ፣ ቴፕ። ሞተሩና መቆጣጠሪያው ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ። በአንድ ሴሚስተር ሦስት ስሪት መስራት ይቻላል፣ ሁለተኛው ስሪት የሚለው መለኪያዬ ላይ የሚያህለው የለም።

ጉድለቱን አልደብቅም። የሊቲየም ባትሪ በአግባቡ ካልተያዘ እሳት ያነሳል፤ ቻርጅ ሲደረግ ሰው አጠገቡ ይኑር። የበረራ ቦታና ፈቃድ ያስፈልጋል። ሌላው፣ ብዙ ቡድን አንድ ጎበዝ አብራሪ ላይ ይንጠለጠላል፣ እሱ የታመመ ቀን ሁሉም ነገር ይቆማል። ሁለተኛ አብራሪ ከመጀመሪያው ጀምራችሁ አሰልጥኑ።

## ሮኬት

ሮኬት ሰው ይስባል። ቡድኑ ቶሎ ይሞላል፣ ስፖንሰርም ከሌላው ይልቅ ቶሎ ይገኛል፣ ቪዲዮው ያምራል።

ትምህርቱም እውነተኛ ነው፣ ጠባብ ቢሆንም። የግፊት ማዕከሉ (የአየሩ ኃይል የሚያርፍበት ነጥብ) ከስበት ማዕከሉ ኋላ መሆን አለበት፣ በተለምዶ ከሮኬቱ ውፍረት አንድ እስከ ሁለት እጥፍ ያህል ርቀት። ይህን ኦፕንሮኬት በሚባለው ነጻ ሶፍትዌር በአንድ ከሰዓት ማየት ይቻላል። ብዙ ተማሪ የሚዘነጋው ግን ሮኬት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ መሆኑን ነው። ጫፍ ላይ ሲደርስ ትንሹ ፓራሹት፣ ወደ መሬት ሲጠጋ ትልቁ መውጣት አለበት። አንዱ ካልወጣ ያ ሁሉ ልፋት መሬት ውስጥ ይሰካል። የፓራሹቱ ስራ ግን ለማንም አያጓጓም፣ ስለዚህ ለአዲስ ገቢዎች ይተዋል። እናንተ አዲስ ከሆናችሁ ይህን ስራ ተሻምታችሁ ውሰዱት፤ የበረራውን ዕጣ የሚወስነው እሱ ነው።

ሁለት መንገድ አለ፣ ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው። በተመሰከረለት፣ ፋብሪካ በተሰራ ሞተር የሚበር ሮኬት ለአንድ ዓመት ፕሮጀክት ይመቻል። የሞተሮቹ ምድብ በፊደል ነው የሚጠራው፣ ቀጣዩ ፊደል ከቀደመው እስከ እጥፍ የሚደርስ ጠቅላላ የመግፋት አቅም አለው፣ ስለዚህ ከትንሹ ጀምሮ በየደረጃው ማደግ ይቻላል። ሞተሩን ራሳችን እንስራ ካላችሁ ግን ሌላ ዓለም ገባችሁ። ኬሚካል፣ የግፊት ሙከራ፣ ሰው የማይቀርብበት የሙከራ ቦታ፣ በዚህ ዕድሜውን የፈጀ አማካሪ። አማካሪው ከሌለ አትጀምሩት። በቃ።

የት ሊደርስ እንደሚችል ማየት ለምትፈልጉ፣ የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሚያዝያ 2019 ትራቨለር 4 የተባለውን ሮኬታቸውን ወደ 103 ኪሎ ሜትር ከፍታ አውጥተዋል፣ የጠፈር ድንበር ተብሎ ከሚቆጠረው 100 ኪሎ ሜትር በላይ። ከዚያ በፊት የከሸፉ ሙከራዎች ነበሯቸው፤ ከአንድ በላይ የተማሪ ትውልድ ድካም ነው። የደልፍት ተማሪዎች ስትራቶስ 3 ደግሞ በ2018 ከተነሳ 20 ሰከንድ ገደማ በኋላ አየር ላይ ተበታትኗል። ለዓመታት የተለፋበት ነገር በ20 ሰከንድ ማለቁን መቋቋም የምትችሉ ከሆነ ግቡ።

## ካንሳትና የአየር ፊኛ

ካንሳት ማለት ለስላሳ መጠጥ ጣሳ ውስጥ የሚገባ "ሳተላይት" ነው። ሐሳቡን 1998 ላይ ያመጡት የስታንፎርዱ ፕሮፌሰር ቦብ ትዊግስ ናቸው። ምህዋር አይገባም፤ በትንሽ ሮኬት ወይም በድሮን ወደ ላይ ይወሰዳል፣ ይለቀቃል፣ በፓራሹት እየወረደ መረጃ ይልካል። የአውሮፓ ስፔስ ኤጀንሲ በካንሳት የሚያወዳድረው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ነው፣ መጠኑም 115 ሚሊ ሜትር ቁመት፣ 66 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ከ300 እስከ 350 ግራም ነው። ስለዚህ "የልጆች ነው" የሚል አይጠፋም። ይበል። ለአንደኛና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ኤሌክትሮኒክስ፣ ኮድ፣ ሬዲዮ፣ ፓራሹትና የክብደት በጀትን በአንድ ሴሚስተር የሚያስነካ ሌላ ፕሮጀክት አላውቅም።

ፊኛው ደግሞ በሂሊየም ወይም በሃይድሮጅን ተሞልቶ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይወጣል። እዚያ ያለው የአየር ግፊት ምድር ላይ ካለው መቶኛ ያህሉ ነው፣ በመንገዱ ላይም ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 50 እና 60 ዲግሪ ይደርሳል። ባትሪ ይሞታል፣ ፕላስቲክ ይሰነጠቃል። ብዙ ርካሽ የጂፒኤስ ሞጁሎች ከ18 ኪሎ ሜትር ከፍታ በላይ ቦታ መስጠት እንደሚያቆሙ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ሚሳይል ላይ እንዳይውሉ የተቀመጠ ገደብ ነው፤ ሞጁሉን ስትገዙ የመረጃ ወረቀቱን ማንበብ ግድ ይላል። መረጃ ወረቀት ማንበብ ደግሞ ራሱን የቻለ የኢንጂነር ሙያ ነው፣ ክፍል ውስጥ ማንም አያስተምረውም። ከመልቀቅ በፊት የአየር ክልል ፈቃድ መጠየቅ እንዳይረሳ።

በአውሮፓ ለሚማሩ ሬክሰስና ቤክሰስ የተባሉ የጀርመንና የስዊድን ፕሮግራሞች አሉ፤ የተማሪ ሙከራዎችን በሮኬትና በፊኛ በሰሜን ስዊድን ካለው የኤስሬንጅ ማስወንጨፊያ ይልካሉ። ማመልከቻው፣ የዲዛይን ግምገማው፣ ሰነዱ ልክ እንደ ባለሙያ ፕሮጀክት ነው።

## ኪዩብሳት

ትዊግስና የካሊፎርኒያው ካል ፖሊ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ጆርዲ ፑይግ-ሱዋሪ 1999 ላይ የዚህችን ትንሽ ሳተላይት ደረጃ አወጡ፦ በሁሉም ጎን 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን፣ ክብደቱ በመጀመሪያው ደረጃ 1 ኪሎ። የመጀመሪያዎቹ 2003 ላይ ወደ ምህዋር ወጡ። ዓላማው ተማሪ ሳይመረቅ ሳተላይት ነድፎ፣ ሰርቶ፣ አንቀሳቅሶ እንዲያይ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣመመው። የኢስቶኒያ ተማሪዎች ኢስትኪዩብ-1ን በ2008 ጀምረው በ2013 አስወነጨፉ። አምስት ዓመት። የፊንላንዱ አልቶ-1 በ2010 ተጀምሮ በ2017 ወጣ። ሰባት ዓመት። የባችለር ትምህርት በብዙ አገር ሦስት ወይም አራት ዓመት ነው፣ ሒሳቡን ራሳችሁ ስሩት። አንደኛ ዓመት ላይ የገባው ተመርቆ ስራ ይዞ ልጅ ወልዶ ሊሆን ይችላል። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ይሄው ነው።

ይህ ማለት ግን ትምህርት የለውም ማለት አይደለም። የኢስትኪዩብ-1 ዋናው ሙከራ የኤሌክትሪክ ሸራ ነበር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ በተሞላ ረጅም ቀጭን ሽቦ ከፀሐይ በሚመጡ ቅንጣቶች መገፋት፤ ቀጭኑ ሽቦ የተጠቀለለበት መዘውር ምህዋር ላይ አልዞረም አለ፣ ሙከራው ሳይሳካ ቀረ። ሆኖም ፕሮጀክቱ በርካታ የመመረቂያ ጽሑፎችን አስጽፏል፣ አንዲት ትንሽ አገር የሳተላይት ኢንጂነሮች እንዲኖሯት አድርጓል። ኪዩብሳት ከሌሎቹ በላይ የሚያስተምረው ሌላ ሰው የጀመረውን ሰነድ አንብቦ መቀጠልን፣ የራስን ስራ ደግሞ ለማያውቁት ሰው ጽፎ ማስረከብን ነው። የኢንዱስትሪ ስራ በአብዛኛው ይኸው ነው። ሰነድ የማይጽፍ የኪዩብሳት ቡድን ግን በየሁለት ዓመቱ ከዜሮ ይጀምራል።

መካከለኛ መንገድ አለ። የሳተላይቱን ክፍሎች በሙሉ ሳጥን ውስጥ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ በሽቦ አገናኝቶ መፈተን፤ ፍላትሳት ይሉታል። የማስወንጨፊያ ዕድል ፍለጋ የለም፣ የፍሪኩዌንሲ ማስተባበር ጣጣ የለም፣ የንዝረትና የቫኪዩም ሙከራ ወጪ የለም። ኮዱ፣ የኃይል ስርዓቱ፣ የኮምፒውተሩና የሬዲዮው ንግግር ግን በሙሉ አለ። ማስወንጨፍ የማይችል ዲፓርትመንት በዚህ አያፍርም።

## የላብራቶሪ ምርምር

አጭር ነው። ከአንድ መምህር ጋር በዊንድ ተነል (አየር እየተነፋ ሞዴል የሚፈተንበት ዋሻ) ወይም በሲሙሌሽን ላይ መስራት። ማስተርስና ፒኤችዲ ለሚያስብ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም፤ ጥሩ የድጋፍ ደብዳቤም ከዚሁ ይገኛል። የቡድን ስራ ልምድ ግን አይሰጥም፣ ጥራቱም ሙሉ በሙሉ መምህሩ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

## በአንድ እይታ

| ፕሮጀክት | ሁለተኛ ስሪት ይደርሳል? | አዲስ ገቢ የሚሰራው | ወጪ | ሲበላሽ | የፈቃድና የደህንነት ጣጣ |
|---|---|---|---|---|---|
| የወረቀት ዲዛይን | በሴሚስተር ውስጥ፣ ወረቀት ላይ | ብዙ፣ ግን የመጨረሻ ዓመት ይመረጣል | ከምንም አይቆጠርም | ምንም አይሰበርም | የለም |
| የሬዲዮ አውሮፕላን | አዎ፣ ከአንዴም በላይ | ከመጀመሪያው ቀን እጁ ይገባል | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | በቀናት ይጠገናል | ባትሪ፣ የበረራ ቦታ |
| ሮኬት፣ የተገዛ ሞተር | በዓመት አንዴ ገደማ | ፓራሹት፣ ኤሌክትሮኒክስ | መካከለኛ | ብዙ ጊዜ በሙሉ ይጠፋል | ከባድ |
| ሮኬት፣ የራስ ሞተር | አጠራጣሪ | ጥቂት | ከፍተኛ | የዓመታት ስራ | በጣም ከባድ |
| ካንሳት፣ ፊኛ | አዎ | ሁሉንም | ዝቅተኛ | ርካሽ፣ ግን ሊጠፋ ይችላል | የአየር ክልል ፈቃድ |
| ፍላትሳት | አዎ | ኮድ፣ ቦርድ፣ ሙከራ | መካከለኛ | ክፍሉ ይቀየራል | ቀላል |
| ኪዩብሳት | አይደርስም ማለት ይቻላል | ቁራጭ ስራ | በጣም ከፍተኛ | ምህዋር ላይ ጥገና የለም | ፍሪኩዌንሲ፣ ማስወንጨፊያ |
| የላብራቶሪ ምርምር | እንደ መምህሩ | መለካት፣ መረጃ ማጥራት | ላብራቶሪው ካለ ዝቅተኛ | ይደገማል | ቀላል |

## ለማን የቱ?

አንደኛ ወይም ሁለተኛ ዓመት ከሆናችሁና ገና ሶልደር ነክታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ካንሳት። ኤሮዳይናሚክስ የሚስባችሁ ከሆነ አውሮፕላን፣ ያለ ብዙ ማሰብ። ኮድና ኤሌክትሮኒክስ ከሆነ ፍላትሳት ወይም ፊኛ። አንድ ዓመት ብቻ የቀራችሁ ደግሞ ገና የተጀመረ ኪዩብሳት ውስጥ አትግቡ፤ ለመወንጨፍ የተቃረበ ካለ ግን የሙከራው ስራ ላይ ግቡ፣ ያ ወርቅ ነው።

ገንዘብ የሌለው ዲፓርትመንት ወረቀት ዲዛይኑን ከአንድ ርካሽ የፎም አውሮፕላን ጋር ያጣምር። ተማሪው መጀመሪያ ስንት ሰከንድ እንደሚበር፣ ስንት ግራም እንደሚያነሳ አስልቶ፣ ፈርሞ ያስገባ። ከዚያ ይብረር። ነጥቡ በስሌቱና በእውነቱ መካከል ያለውን ልዩነት በማብራራቱ ይሰጥ እንጂ በመብረሩ አይሁን። የወደቀ አውሮፕላን ዜሮ የሚያስገኝ ከሆነ ተማሪው የሚያውቀውን ደህና ዲዛይን ብቻ ይሰራል፣ ምንም አይሞክርም።

መካከለኛ በጀት ያለው አውሮፕላንና ፊኛን በየዓመቱ ቢደግም፣ በዚያ ላይ ፍላትሳት ቢጨምር ይሻለዋል። ኪዩብሳት የሚያዋጣው ሁለት ነገር ካለ ነው፦ ቢያንስ አምስት ዓመት የማይለቅ መሐንዲስ ወይም መምህር፣ እና ከተማሪ ወደ ተማሪ የሚተላለፍ ሰነድ። ሁለቱ ከሌሉ ገንዘቡ ቢኖርም አይጀመር።

አንድ ነገር ደግሞ በየትኛውም ፕሮጀክት ውስጥ ይታያል። ሴት ተማሪዎች ሪፖርት ጽሑፍና ፕሬዘንቴሽን ላይ ይመደባሉ፣ ወንዶቹ መሳሪያ ይይዛሉ። ማንም ሆን ብሎ ያደረገው አይመስልም፣ ግን ዓመቱ ሲያልቅ ክንፍ የነካው ማን እንደሆነ ቁጠሩ። መፍትሄው ስራውን በየስድስት ሳምንቱ ማዟዟር ነው፣ በፈቃደኝነት ሳይሆን በቡድኑ ደንብ። የእያንዳንዱ ተማሪ የግል የስራ ደብተር ቢኖር ደግሞ ስሙ ብቻ ቡድኑ ውስጥ ያለው ሰው ቶሎ ይታወቃል።

ቡድን ከመግባታችሁ በፊት ኃላፊውን እነዚህን ጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት ምን ተሰበረ? ለምን እንደተሰበረ የተጻፈበት ሰነድ አለ? ላየው እችላለሁ? አምና የገቡት አዲስ ልጆች አሁን ምን እየሰሩ ነው? ለመጀመሪያው ጥያቄ "ምንም አልተሰበረም" የሚል መልስ ከሰማችሁ፣ ወይ ምንም አልሞከሩም ወይ እየደበቁ ነው፤ ወደሚቀጥለው ቡድን ሂዱ።